ስለ ልጅና ስለ ወሰኑ

በአማርኛ ቋንቋ ለባለጌ ልጅ የሚነገር አንድ ስድብ አለ፤ «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል። ይህን ቃል ሰው ሁሉ በቍጣ ጊዜ ይናገረዋል እንጂ ትርጓሜውን ቆም ብሎ የሚመረምረው ጥቂት ነው። ስድቡ የሚወርደው በልጁ ላይ ነው፤ በደሉ ግን የተጻፈው በአሳዳጊው ስም ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህን ቃል ሲያወጡ ልጁ በደለ አላሉም፤ ተበደለ አሉ እንጂ። ታዲያ ምን ተነፍጎ ነው የተበደለው? እንጀራ ነው እንዳንል፥ እንጀራ ሞልቶት የተበላሸ ልጅ ብዙ አይተናል። ፍቅር ነው እንዳንል፥ በፍቅር ብዛት የተበላሸም አለ። እኔ ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ እንደ ተረዳሁት፥ ልጁ የተነፈገው ነገር ወሰን ነው። ይህንም የተማርሁት በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው በገዛ ቤቴ በደረሰው ነገር፥ ሁለተኛውም በአገራችን ታሪክ። ሁለቱንም ለእናንተ ለወጣቶች እነግራችኋለሁ። እናንተ ዛሬ ልጆች ናችሁ፤ ነገ ግን አሳዳጊዎች ትሆናላችሁና።

የምኖረው በሌሞ፥ ከሆሣዕና ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል በመምህርነት ካገለገልሁ በኋላ ጡረታ ወጥቼ፥ የአባቴን የእንሰት ማሳ እየተንከባከብሁ እኖራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኅቴ ባል ሞተና የአሥራ ሦስት ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ ወደ እኔ መጣች። «ወንድሜ ሆይ፥ ይህ ልጅ ከእጄ ወጣ፤ ከአባቱ ሞት በኋላ ቃሌን አይሰማም፤ አንተ አስተማሪ ነህና ያዝልኝ» ብላ አለቀሰች። እኔም የሺህ ሰው ልጅ ያስተማርሁ ነኝ በማለት ተመክቼ፥ እሺ ብዬ ተቀበልሁት።

በመጀመሪያው ዓመት ያደረግሁት ነገር ሁሉ ከኀዘኔታ የመጣ ነበር። አባት የሞተበት ልጅ ነው እያልሁ የጠየቀውን ሁሉ ሰጠሁት። ከትምህርት ቤት ሲቀር፥ ኀዘኑ ገና አልወጣለትም አልሁ። ሲያመሽ በሩን ራሴ ከፈትሁለት። ከባጃጅ ነጂዎች ጋር በከተማ ውሎ ማምሸት ሲጀምር፥ ሲያድግ ይተወዋል ብዬ ዝም አልሁ። በመጨረሻም ባለቤቴ ከቆጮ ሽያጭ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ከሣጥን አውጥቶ ወሰደ። ያን ጊዜ ኀዘኔታዬ በአንድ ቀን ወደ ቍጣ ተለወጠና አርጩሜ ቈርጬ መታሁት። ልጁ አላለቀሰም። ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን ተመለከተኝ፤ ያ አመለካከት ዛሬም ከፊቴ አልጠፋም። እኔን እንደ ሌባ አድርጎ ነበር የተመለከተኝ። ነገሩንም ሳስበው እውነቱን ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ወሰን ሳላሳየው ኖሬ፥ ወሰን አለፍህ ብዬ መታሁት።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ስላጣሁ ከመጻሕፍቴ መካከል አንድ የታሪክ መጽሐፍ አንሥቼ ሳነብ፥ ከብዙ ዓመት በፊት በክፍል ውስጥ አስተምረው የነበረውን የልጅ ኢያሱን ታሪክ አገኘሁ። ለተማሪዎቼ የማስተምረው ዓመተ ምሕረቱንና የጦርነቱን ስም ብቻ ነበር። በዚያ ሌሊት ግን እንደ አንድ ልጅ አስተዳደግ ታሪክ አድርጌ አነበብሁት።

ከተማችን ሆሣዕና የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዛሬም ዩኒቨርሲቲዋ በዚህ ስም ይጠራል። ሆሣዕና ብለው የሰየሟት በአፄ ምኒልክ ዘመን የከንባታ ገዢ የነበሩት ራስ አባተ ቧያለው እንደ ሆኑ አባቶች ይናገራሉ። እኒህ ትልቅ ሰው በኋላ የገቡበት መከራ ከአንድ ልጅ አስተዳደግ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያውቅ የከተማችን ወጣት ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ሕመም ጸናባቸው። ዙፋናቸውን የሚወርስ ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና፥ ከልጃቸው ከወይዘሮ ሸዋረጋና ከወሎው ገዢ ከራስ ሚካኤል የተወለደውን የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን መረጡ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. ይህ ኑዛዜ ለመኳንንቱና ለሕዝቡ በአዋጅ ተነገረ። የልጁ ዕድሜ 12 ነበር የሚሉ አሉ፤ 14 ነበር የሚሉም አሉ። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞታበታለች። በዚያው ወራት ደግሞ ከአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ከወይዘሮ ሮማነ ወርቅ ጋር ጋብቻ ተፈጸመለት፤ ሙሽራዪቱም ከእሱ የምታንስ ሕፃን ነበረች። እንግዲህ አስቡት፤ እናት የሌለው ልጅ፥ አያቱ በአልጋ ላይ የተኙበት፥ አባቱ በሩቅ አገር የሚገዙ፥ በአንድ ወር ውስጥ ባል ሆነ፥ አልጋ ወራሽም ሆነ።

ንጉሠ ነገሥቱ አዋቂ ነበሩና ልጁን ያለ ጠባቂ አልተዉትም። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚትና እንደራሴ ሆነው እንዲያሳድጉት አዘዙ። ኑዛዜውን በሚያፈርስ ሰው ላይም ጽኑ ርግማን አወረዱ። ልብ በሉ፤ ርግማኑ ልጁን ከሰው ክፋት የሚጠብቅ አጥር ነበር። ልጁን ከገዛ ፈቃዱ የሚጠብቀው አጥር ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ብቻ ነበር።

ይህም አጥር ሁለት ዓመት እንኳ አልቆመም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው እቴጌ ጣይቱን ከመንግሥት ሥራ አራቋቸው። እቴጌዪቱ ለልጁ ወዳጅ አልነበሩም፤ ነገር ግን በዚያ ቤተ መንግሥት እንቢ ማለት የሚችሉ ሰው ነበሩ። በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ተሰማ ሞቱ። ሌላ ሞግዚት ይሾም የሚል ነገር በተነሣ ጊዜ ልጅ ኢያሱ ከእንግዲህ ሞግዚት አልሻም አለ። ዕድሜው ከ14 እስከ 16 ቢሆን ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ እንዲህ ማለቱ አያስደንቅም፤ የእኔም የእኅቴ ልጅ ብሎኛል። የሚያስደንቀው የትልልቆቹ ሰዎች መልስ ነው። አገር ያቀኑ፥ በዐድዋ የተዋጉ፥ በሸንጎ የተፈሩ ሰዎች ነበሩ፤ የአንድን ልጅ ቃል ሰምተው ዝም አሉ።

ስለ ምን ዝም አሉ? አንዳንዱ ርግማኑን ፈርቶ ነው። አንዳንዱ ልጁ ነገ ንጉሥ ሲሆን ይጣላኛል ብሎ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሌላው ባላጋራዬ ሞግዚት ከሚሆን ልጁ ልጓም ሳይኖረው ቢቀር ይሻለኛል ብሎ ነው። በዚያው በ1903 ዓ.ም. የእኛው አገር ገዢ ራስ አባተ የቤተ መንግሥቱን የመሣሪያ ግምጃ ቤት ለመያዝ ሞከሩ፤ ሳይሆንላቸውም ቀረ። በኋላም ተይዘው ወደ መቅደላ እስር ቤት ተላኩ። ልጅን በምክርና በደንብ የሚገታ በጠፋበት ቤት፥ የሚቀረው መንገድ ጠብመንጃ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ልጅ ኢያሱ እንደ ፈቃዱ ኖረ። በዋና ከተማው መቀመጥ ሰለቸው፤ ወራት በአደንና በጉዞ ያሳልፍ ጀመር። በ1904 ዓ.ም. ወደ ጊሚራ ዘምቶ ብዙ ሕዝብ በባርነት ተነዳ። በአገራችን ደቡብና ምዕራብ ያሉ ቤተ ሰቦች ስንት ልጅ እንዳጡ እግዚአብሔር ያውቃል። የአንድ ልጅ ወሰን ማጣት በሌሎች ልጆች አንገት ላይ ገመድ ሆኖ ታሠረ። አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ፥ እሱ ሳይቀባና ዘውድ ሳይጭን አገሩን ይገዛ ነበር። በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረርጌ ሽሮ ወደ ከፋ አዘዛቸው። በዚያ ጊዜ ለዓመታት ዝም ብለው የኖሩት መኳንንት በአንድነት ተነሡ፤ ሃይማኖቱን ለውጧል የሚል ክስ አቅርበው በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ በመስቀል በዓል ዕለት፥ ከሥልጣን አወረዱት። ትናንት እንቢ ማለት ያልቻሉ ሰዎች በአንድ ቀን ሁሉን ነሡት። ልክ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ኖሬ በአንድ ቀን አርጩሜ እንደ ቈረጥሁት።

አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸውን ሊረዱ ጦራቸውን ይዘው መጡ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ትልቅ ጦርነት ሆነ፤ ኢትዮጵያውያን በኢትዮጵያውያን እጅ አለቁ፥ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ልጅ ኢያሱ በአፋር በረሃ ሲንከራተት ቈይቶ በ1913 ዓ.ም. ተያዘና በፍቼ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ኖረ። በ1924 ዓ.ም. አምልጦ እንደ ገና ተያዘ፤ ከዚያም ወደ ጋራ ሙለታ ተወስዶ በ1928 ዓ.ም. በኅዳር ወር በእስር ላይ ሳለ ሞተ።

እውነት ለመናገር፥ የልጅ ኢያሱን ታሪክ በመጀመሪያ የጻፉት ያሸነፉት ሰዎች ናቸው። የዛሬ ዘመን ታሪክ ጸሓፊዎች ነገሩን መርምረው ሌላም ገጽ አግኝተውለታል። ከእስላም ወገኖቹ ጋር መቀራረቡን ያን ጊዜ ክሕደት ቢሉትም፥ ዛሬ ብዙዎች አገሩን አንድ ለማድረግ ያሰበ ነው ይሉታል። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታሥረው የሚሄዱበትን የቍራኛ ሥርዓትና፥ ልጅን መድኃኒት አጠጥቶ ሌባ የማስፈለግን የሌባ ሻይ ልማድ እንዳስቀረም ይጻፍለታል። ስለዚህ ክፉ ሆኖ ተፈጠረ ማለት ሐሰት ነው። ብሩህ አእምሮና ሩኅሩኅ ልብ ነበረው። ኀዘኑም በዚህ ይብሳል፤ አሳዳጊ የበደለው ልጅ ሁሉ መልካም ነገር ያልነበረው አይደለም፤ የነበረው መልካም ነገር ድርና ማግ ሆኖ የሚያያዝበት ያጣ ነው እንጂ።

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይምሰላችሁ። የሮም ቄሣር ኔሮን በ54 ዓመተ እግዚእ ሲነግሥ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። መምህሩ ሴኔካና የዘበኞቹ አለቃ ቡሩስ ይገቱት በነበረ ጊዜ አገዛዙ የሚመሰገን ነበር። በ62 ቡሩስ ሞተ፤ ሴኔካም ከሥራ ራቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ በ68 ራሱን ገደለ።

አሁን ደግሞ በዚያው በምኒልክ ዘመን የነበረውን ሌላ ልጅ ተመልከቱ። ተፈሪ መኰንን በሐምሌ 1884 ዓ.ም. ተወለዱ። እሳቸውም እናታቸው የሞቱባቸው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ነው። አባታቸው ራስ መኰንንም በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጁ 13 ዓመታቸው ነበር፤ የእኅቴ ልጅ ወደ ቤቴ በመጣበት ዕድሜ ማለት ነው። እንግዲህ የሙት ልጅነቱ ከኢያሱ ይልቅ በእሳቸው ይብስ ነበር። ነገር ግን አባታቸው በሕይወት ሳሉ አስተማሪ አቁመውላቸዋል። ከአስተማሪዎቻቸው አንዱ አባ ሳሙኤል ወልደ ካሂን ነበሩ፤ እኒህም መምህር በ1907 ዓ.ም. በሐሮማያ ሐይቅ ጀልባ በሰጠመ ጊዜ ከተማሪያቸው ጋር ሳሉ ሞቱ። አባታቸው በ1898 ዓ.ም. መጀመሪያ ደጃዝማች ብለው የሾሟቸው በአንዲት ትንሽ ግዛት፥ በጋራ ሙለታ ላይ ነበር፤ ያውም አባት በሕይወት ሳሉ፥ ከዐዋቂ ሹማምንት ጋር። ቀጥሎ ሰላሌ፥ ቀጥሎ ባሶ፥ ቀጥሎ ሲዳሞ፥ በ1902 ዓ.ም. ደግሞ ሐረርጌ ተሰጣቸው። አንዱ ልጅ ሥልጣንን በጥቂት በጥቂቱ የተማረበት ጋራ ሙለታ፥ ለሌላው ልጅ መቃብር ሆነ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ጊዜ ተቀመጥሁ።

የእንሰት አገር ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። የእንሰት ቡቃያ ከእናቲቱ ጕቶ ዙሪያ ተፋፍጎ ይበቅላል። ገበሬው ለቅቆ በቦታው አይተወውም፤ ቢተወው ይቀጭጫል። ወዲያው ወስዶ በሰፊው ማሳ ላይም አይበትነውም። መጀመሪያ ቀረብ ቀረብ አድርጎ ይተክለዋል፤ ሲጠነክር ነቅሎ ራቅ ራቅ አድርጎ ይተክለዋል፤ እንደ ገናም ያዛውረዋል። በየጊዜው ቦታው ይሰፋል፤ በየጊዜውም የሚሰፋው እንደ ሥሩ ጥንካሬ ነው። ለልጅም ወሰን ማለት ይህ ነው። እስር ቤት አይደለም፤ ለዛሬ ሥሩ የሚበቃ ቦታ ነው። ለልጅ ኢያሱ ግን በአንድ ቀን ሰፊውን ማሳ ሰጡት።

በሀዲያ ቋንቋ ደግሞ አንድ ደግ ቃል አለ፤ ሴራ ይባላል። በአማርኛ ሴራ ሲባል የተንኰል ምክር ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ደንብ፥ ሥርዓት፥ የአገር ሕግ ማለት ነው። ሴራን የሚያጸናው አንድ ቍጡ ሰው አይደለም፤ ሽማግሌዎች በጋራ ያወቁት፥ ትልቁም ትንሹም አስቀድሞ የሰማው ነገር ነው። ደንቡን የጣሰ ሰው ከማኅበሩ ይገለላል፤ ነገር ግን ጥፋቱን አምኖ ሲመለስና ካሣውን ሲከፍል ይታረቃል፥ እንደ ቀድሞውም ይቈጠራል። ይህን ሳስብ በቤቴ የጐደለው ነገር ገባኝ። እኔ ኀዘኔታ ነበረኝ፥ ቍጣም ነበረኝ፤ ሴራ ግን አልነበረኝም።

ስለ መምታትም ጥቂት እናገራለሁ፤ ብዙ ሰው ወሰን ማበጀትንና መምታትን አንድ አድርጎ ያስባልና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አሳዳጊ ልጁን ለማስተማር ሲል ቀላል ቅጣት በአካሉ ላይ እንዲፈጽም ይፈቅድ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደነገገ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል ተጠያቂ አያደርገውም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣውም፤ ተግሣጽን፥ ክትትልንና የጠባይ ማረሚያን ያስቀድማል። የአገር ሕግ ይህን የሚያደርገው ልጆች ጥፋት አያጠፉም ብሎ አይደለም፤ ገና ሥራቸው ያልጸና ቡቃያዎች መሆናቸውን አውቆ ነው። እኔም ሠላሳ ዓመት በማስተማር ካየሁት፥ ዱላ ልጅን የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቺው በማይኖርበት ቦታ ማጥፋትን።

በነጋታው ልጁን ጠርቼ በመጀመሪያ ስለ መምታቴ ይቅርታ ጠየቅሁት። ደነገጠ፤ ከአጎቱ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቀም ነበር። ቀጥዬም ባለቤቴና እናቱ ባሉበት ሦስት ነገር ነገርሁት። አንደኛ፥ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ቤት ትገባለህ። ሁለተኛ፥ ትምህርት ቤት ትሄዳለህ፤ ባትሄድ ለምን እንደ ቀረህ በዚያው ቀን ትናገራለህ። ሦስተኛ፥ የወሰድኸውን ገንዘብ ቅዳሜ ቅዳሜ በማሳ ላይ ሠርተህ ትከፍላለህ፤ ዕዳህ እስኪያልቅ የኪስ ገንዘብ የለም። «ብታፈርሰው አልመታህም፥ አልሰድብህም፥ ከቤትም አላባርርህም፤ ነገር ግን ቃሌን አልለውጥም» አልሁት።

ከባዱ ነገር ይህን መናገር አልነበረም፤ ሁላችን በአንድ ቃል መቆም ነበር እንጂ። እናቴ የልጅ ልጇ ናትና ከመቀነቷ እየፈታች በስውር ብር ትሰጠው ነበር። ጎረቤታችንም «ምነው ጋሼ፥ የሙት ልጅ አይጨከንበትም» ይለኝ ነበር። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን የምኒልክ ቤተ መንግሥት መኳንንት ያደረጉትን ነበር የሚያደርጉት። ልጅ በአጥሩ ላይ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ቀዳዳውን የሚያሳዩት የሚወዱት ሰዎች ናቸው። እናቴን አቅፌ፥ «እማዬ፥ ይህን ልጅ የምትወጂው ከሆነ ከእኔ ጋር እንቢ በዪው» ብዬ ለመንኋት። ሰባት ቀን ኰረፈችኝ፤ በመጨረሻ ግን መቀነቷን አሠረች።

ልጁ ሦስት ቅዳሜ ሠራ። በአራተኛው ቅዳሜ አልሠራም ብሎ ዶማውን ወርውሮ ሄደ። ወደ ከተማ ገብቶ ከጓደኞቹ ጋር አሥራ አንድ ቀን ቈየ። እነዚያ ቀኖች በሕይወቴ እጅግ የከበዱ ነበሩ። እኅቴ ስታለቅስ፥ የት እንደሚያድር ሰው ልኬ አረጋገጥሁ እንጂ ራሴ ሄጄ አልለመንሁትም። መልእክት ግን ላክሁበት፤ «በሩ ክፍት ነው፤ ምግብህ በማጀት አለ፤ ዕዳህም እንዳለ ነው» የሚል። አንዳንድ ሌሊት፥ ተነሥቼ ዕዳውን ትቼልሃለሁ ብዬ ላምጣው እያልሁ ጫማዬን አጥልቄ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሰዓት የራስ ተሰማ ሞትና የመኳንንቱ ዝምታ ትዝ ይለኛል። ጫማዬንም መልሼ አወልቀዋለሁ።

በያሆዴ ዋዜማ፥ የሀዲያ ሰው ሁሉ ካለበት ወደ ቤቱ በሚሰበሰብበት ምሽት፥ ውሻው ጮኸ። ልጁ በበሩ ቆሞ ነበር፤ ከስቶ፥ ልብሱ ቈሽሾ። ማንም ምንም አላለውም። ባለቤቴ እጁን አስታጠበችውና አቀረበችለት። ከበላ በኋላ ለምን መጣህ ብዬ ጠየቅሁት። «አጎቴ፥ በሩ ክፍት ነው ብለው ነበር፤ እውነት መሆኑን ላይ ብዬ ነው» አለ። ጥቂት ቈይቶም፥ «ዕዳውስ?» አለኝ። «እንዳለ ነው» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ከበዓሉ በኋላ ባለችው ቅዳሜ ዶማውን ራሱ አነሣ።

ተረት ቢሆን ኖሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግ ልጅ ሆነ ብዬ እጨርስ ነበር። እንዲህ አልሆነም። ዛሬ የ17 ዓመት ጐልማሳ ነው። አሁንም ቍጡ ነው፤ በሒሳብ ደካማ ነው፤ ባለፈው ዓመትም ሁለት ጊዜ አምሽቶ ገብቷል። ነገር ግን ሲያመሽ ወደ እኔ መጥቶ አመሸሁ ይላል። ዕዳውን ከፍሎ ጨርሷል፤ የተከለውም እንሰት በማሳው ቆሟል። የመግቢያውም ሰዓት እንደ ዕድሜው ወደ ፊት ተገፍቷል።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛው ይህ ነው፤ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ወይም መምህራችሁ እንቢ ሲሏችሁ፥ እንቢታው አስቀድሞ የተነገረና የማይዋዥቅ እንደ ሆነ፥ የጥላቻ ምልክት አይምሰላችሁ። ልጅ ኢያሱን እንቢ ያላለው ቤተ መንግሥት ሙሉ ሰው ነበር፤ ከእነዚያ ሁሉ መካከል በጋራ ሙለታ ከጐኑ የተቀመጠ አልተገኘም። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነው፤ ወሰን ለልጅ ብቻ የተበጀ አይደለም። በልጅነታቸው በጥቂት በጥቂቱ የተማሩት ተፈሪ መኰንን ንጉሠ ነገሥት ከሆኑና ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ፥ በፊታቸው ቆሞ እንቢ የሚል ሰው ጠፋ። በወሎ ረኃብ ሲሆን እውነቱ ተሸፈነ፤ በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. እሳቸውም ከዙፋን ወረዱ። ስለዚህ አድጌያለሁ፥ ከእንግዲህ አጥር አያሻኝም የምትሉበት ቀን ቢመጣ፥ ያ ቀን አጥር እጅግ የሚያስፈልጋችሁ ቀን ነው።

የአገራችን ሰው «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላል። እኔ ግን ከልጁ የተማርሁትን አንዲት ነገር እጨምርበታለሁ፤ አጥሩን ስታጥሩ በሩን አትርሱ። በር የሌለው አጥር በረት ነው፤ አጥር የሌለው በርም ለማንም አይጠቅም። ሁለቱ በአንድነት ሲሆኑ ግን ቤት ይባላል።